ሰባተኛው ጥራዝ

ጠራዡ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት መጽሐፍ እንደጠረዘ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ስንቱን ከዳር እስከ ዳር እንዳነበበ ቢጠየቅ ግን በአንድ እጁ ጣቶች ቆጥሮ ይጨርሳል፤ ጣትም ይተርፈዋል። ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። እሷም ደህና ሴት ናትና ካልተናደደች በቀር አታነሳበትም።

ችግሩ ሰውየው ጸሐፊም መሆኑ ነው። መጽሐፍ ሊያስጠርዙ ስለሚመጡ ሰዎች ሁለት ሦስት ገጽ የምትሞላ ወግ ይጽፋል። የሟች ባሏን ደብዳቤዎች በቀይ ጨርቅ ስላስለበጠችው ሴት ጽፏል፤ የማይነበብ መዝገብ በየዓመቱ እያመጣ ስለሚያሳድሰው ጡረተኛም ጽፏል። ወጎቹ አይከፉም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል የሚሰበሰቡት ጸሐፊዎች ከመካከላቸው አስቀምጠውታል። ያስገቡት ክፍሏ የእሱ ስለሆነች ነው የሚል ሐሜት ነበር። ሐሜተኛውም ራሱ ነበር።

እሱን ጨምሮ አራት ናቸው። አንዱ ፋርማሲስት ነው፤ አጫጭር ልብ ወለድ ይጽፋል፤ ስለ መጽሐፍ ሲናገርም መድኃኒት ከምግብ በፊት ወይም በኋላ ይወሰድ ብሎ እንደሚያዝ ሰው እርግጠኛ ነው። አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ግጥሟን በተቆረጠ የልብስ ንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ ትጽፋለች፤ ስታነብ አንዳንዴ የእጅጌ ቅርጽ ይዛ ነው። አራተኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። እትዬ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ባለመስመር የተማሪ ደብተር ላይ፣ ሳይሰርዙ ሳይደልዙ። አሥራ አራተኛው ደብተር ላይ ደርሰው ነበር።

የስብሰባውን ሕግ ያወጡት እሳቸው ናቸው። የድሮውን ያላነበበ የራሱን አያነብም። ማንም ሰው የጻፈውን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት በጋራ ስለሚነበበው ጥንታዊ ልብ ወለድ ሊናገር ይገባል፤ ያላነበበ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ጸሐፊ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማዳመጥን ከቁርጠት ለይቶ አያየውም። ስለዚህ ሁሉም ያነባል፤ ወይም ያነበበ ይመስላል።

በዚያ ዓመት የተመረጠው መጽሐፍ ስለ አንድ ወፍጮ ቤት የሚተርክ፣ ሦስት ትውልድ የሚዘልቅ፣ ሰባት መቶ አርባ ገጽ ያለው ሸክም ነበር። መቶ ዓመት አልፎታል። ከታተመ ብዙ ዘመን ስለሆነው በከተማው ያለው አንድ ቅጂ የእትዬ ነው፤ ጀርባው ተሰብሮ ቅጠሉ ሊረግፍ ምንም አልቀረውም። አንድ መጽሐፍ ለአራት ሰው እንዴት ይዳረስ ሲባል መላ ያመጣው ጠራዡ ነው። መጽሐፉን ፈትቶ፣ ምዕራፍ ሲያልቅ እየጠበቀ አሥራ ሁለት ቦታ ከፈለው። ለእያንዳንዱ ስስ የካርቶን ሽፋን ለጠፈለት፤ ሽፋኑ ላይም ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ጻፈበት። አንዱ አንብቦ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ የመጨረሻው ሰው ሲጨርስ ስለዚያ ጥራዝ ይወራል። ሁሉም አደነቁት። በዚያ ቅዳሜ ጠራዡ አንገቱ አንድ ጣት ያህል ረዝሞ ነው የዋለው።

ቅጠሉ ቢቀደድ የሚጠግነው እሱ ነው ተብሎ ተራው ከእሱ ጀመረ። ቀጥሎ ፋርማሲስቱ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ፣ መጨረሻ እትዬ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ከአራቱ መጽሐፍ የሚፈራው ሰው ነው ፊት የተሰለፈው።

መጽሐፉም አላሳፈረውም፤ እንደፈራው ሆነ። በመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች እህል ከመፈጨት ሌላ የሚሆን ነገር የለም። ደራሲው አንድ በር ለማሳየት አራት ገጽ ይፈጃል፤ በሩ ተከፍቶ የሚገባው ሰው ደግሞ ያልፍና አይመለስም። ጠራዡ ጠዋትና ማታ በአውቶቡስ ያነብ ነበር። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋዋል። «እኔ ላይ ያለ ጉድለት ነው» ይላል፤ «እነሱ ይሄኔ እየጣማቸው ነው።»

አራተኛው ጥራዝ ላይ ግን አንድ ነገር ደረሰበት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ «ጥዬሽ እሄዳለሁ» ይላታል። እሷ ቃል ሳትመልስ ሻንጣውን ታዘጋጅለታለች፤ ሸሚዙን አጣጥፋ፣ መላጫውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጫማ ሲሆን ግን ግራ ግራውን ብቻ እየመረጠች። ጠራዡ አውቶቡስ ውስጥ ጮክ ብሎ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን አቀፈች። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አልፎ አልፎ ይወደው ጀመር፤ አንድ ገጽ ደስታ፣ አሥር ገጽ መከራ። የወፍጮ ቤቷን ሴትዮ እንደ ጎረቤት ያስባት ነበር።

ሰባተኛው ጥራዝ በዝናብ ነው የሚጀምረው። ሁለት ገጽ ሙሉ ይዘንባል። ጠራዡ ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ገልጦ ሁለቱን ገጽ አነበበና ዝናቡ ሳያባራ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ፌርማታው አልፎ ነበርና ሰው እየገፋ ወረደ። ጥራዙ ጭኑ ላይ እንደነበር ትዝ ያለው ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ነው።

በማግስቱ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ሄዶ የጠፋ ዕቃ የሚይዘውን ሰው ጠየቀ።

«መጽሐፍ ነው የምትለኝ?» አለው ሰውየው። «ጃንጥላ ይመልሳሉ፣ የሕፃን ጫማ ይመልሳሉ። መጽሐፍ የመለሰ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።»

አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትንም አንድ በአንድ ዞረ። የለም። «ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ» አለ ለራሱ። ቅዳሜ ሲደርስ ፋርማሲስቱ ገና ከመቀመጡ «አንተ ባትኖር ይኼ መጽሐፍ ሞቶ ነበር» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እትዬም «ቅጠሉ ይረግፋል ብዬ ሳላነበው ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩት ነው። ለሌላ ሰው አልሰጠውም ነበር» አሉ። ጠራዡ አፉ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠው።

ከዚያ በኋላ የሠራውን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ ዓይኑን በጨው ያጠበ ይለው ነበር። ስምንተኛውን ጥራዝ ሽፋኑን ልጦ «ሰባት» ብሎ ጻፈበት። ዘጠኙን ስምንት፣ አሥሩን ዘጠኝ እያለ ወረደ። የመጨረሻውን ለሁለት ከፍሎ አሥራ ሁለቱን ሞላ። የገጽ ቁጥሩን መንካት አልቻለም፤ ስድስተኛው ጥራዝ 370 ላይ ያልቃል፣ አዲሱ ሰባት 429 ላይ ይጀምራል። ነገር ግን ሁለቱ ጥራዞች በአንድ ሰው እጅ አንድ ላይ አይገቡም፤ በመካከላቸው ሳምንት አለ። በር አራት ገጽ በሚፈጅበት መጽሐፍ ሃምሳ ስምንት ገጽ ቢጎድል ማን ያውቃል? ብሎ ራሱን አጽናና።

መጽሐፉ ግን ለካ ያን ያህል ዝናብ ያዘነበው በከንቱ አልነበረም። በስድስተኛው ጥራዝ መጨረሻ የወፍጮ ቤቱ ታላቅ ልጅ ከአባቱ ጋር ተኳርፎ በሩን ዘግቶ ይወጣል። በአዲሱ ሰባት መጀመሪያ እናቱ ጥቁር ለብሳለች። ልጁ ሞቷል። እንዴት እንደሞተ፣ የት እንደሞተ፣ አባቱ ምን እንዳለ፣ ያ ሁሉ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዷል።

በውይይቱ ቀን ጠራዡ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እነሆ ተያዝኩ፣ ይሁን፣ እገላገላለሁ ብሎ ነበር። ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የልጁ አሟሟት ላይ ደራሲው እጁን ሰብስቧል» አለ። «ሌላ ቢሆን ያጋንነው ነበር። መጠኑን አውቆ ነው የሰጠን።»

«እኔ አልቅሻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እውነቴን ነው። መርፌ ይዤ ነው ያለቀስኩት።»

ጠራዡ ሁለቱን እያፈራረቀ አያቸው። ያላነበቡትን ሞት አንዱ ይመዝናል፣ አንዷ ታለቅሳለች። እያንዳንዳቸው ሳላስተውል ዘልዬው ነው ብለው፣ አላነበባችሁም እንዳይባሉ ፈርተው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

እትዬ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጁ እንዴት ነበር የሞተው?» ብለው ጠየቁ።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቷን ማጣጠፍ ያዘች። ከዚያ ፋርማሲስቱ፣ «እትዬ፣ ባለፈው ጥራዝ ነው እኮ» አለ፤ ድምፁ ትንሽ ለሕመምተኛ የሚሰጠው ዓይነት ነበር።

«ባለፈው» አሉ እትዬ። «ስድስተኛውን አንብቤ ነው ያመጣሁት። ከሳምንት በፊት።» ጠረጴዛውን በጣታቸው ሲዳብሱ ቆዩ። «ልጁ ከቤት ሲወጣ አስታውሳለሁ። ሞቱን አላስታውስም።»

«ያጋጥማል» አለች ልብስ ሰፊዋ በፍቅር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የእትዬ እናት በሰባ ዓመታቸው መርሳት ጀምረው፣ በመጨረሻ የገዛ ልጃቸውን «አንቺ ማነሽ?» እያሉ ነው የሞቱት። እትዬ ይህን አንድ ጊዜ ለስብሰባው ጽፈው አንብበዋል። አራቱም ያውቃሉ። ጠራዡም ያውቃል። ያን ቀን እጃቸውን እያየ፣ አፉን ከፍቶ፣ «ሻይ ላምጣ?» ነው ያለው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የጠራዡ ዝምታ ግን ነቀዘ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ማስታወሻ ደብተር ይዘው መጡ፤ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ይጽፉ ጀመር። በሌላው ቅዳሜ የልብስ ሰፊዋን ግጥም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ይህን ከዚህ በፊት አንብበሽልኝ ነበር?» ብለው በፍርሃት ጠየቁ። አላነበበችም ነበር። ከዚያ የራሳቸውን ልብ ወለድ ማምጣት ተዉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት የተረተ ሰው ጠራዡን አያውቀውም፤ የእሱ እውነት እያደር ነው የደፈረሰው። በመጀመሪያው ቀን ቢናገር «ጣልኩት» የሚል ጥፋት ነበር። አሁን ከተናገረ «አንዲትን ሴት እያየሁ በአእምሮዋ አስፈራኋት» ማለት ነው። የሚናገረው ነገር በየሳምንቱ እየከበደ ሄደ፤ እሱም በየሳምንቱ እየፈራ ሄደ።

መጽሐፍ ግን አነበበ። ጥፋቱ ይቀልለት ይመስል ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልዘለለም። በሩንም አነበበ፣ ስንዴውንም አነበበ። የሚገርመው ነገር፣ መጽሐፉ ጣመው። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ልጇ ከሞተ በኋላ ዱቄቱን በእጇ እየነካች ሸካራነቱን ስትለይ የምታሳይ አንዲት ገጽ አለች፤ ጤፍ የምታህል ነገር ሳትከሰት ሰው የሚያለቅስባት። ጠራዡ እዚያች ገጽ ላይ ሲደርስ መጽሐፍ ለምን እንደሚነበብ በሃምሳ ዓመቱ ገባው። ደስታውን ግን ለማን ይንገር? በሰረቀው እህል የተጋገረ እንጀራ ይመስል ከጉሮሮው አልወርድ አለው።

በሦስተኛው ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ እትዬ ብቻቸውን ወደ ሱቁ መጡ። በገመድ የታሰሩ ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ጥረዝልኝ» አሉት። «አሥራ አራቱንም፣ አንድ ላይ።»

«አላለቀም እኮ እትዬ።»

«አያልቅም። ባለፈው ወር ያነበብኩትን የማላስታውስ ሰው አሥራ አራት ደብተር በጭንቅላቴ ተሸክሜ የት እደርሳለሁ? ቀዩ ጨርቅ ካለህ በቀዩ አድርግልኝ። ለልጄ ይሆናታል።»

ጠራዡ ደብተሮቹን ተቀበለ። አዎ፣ ተቀበለ። «ለሐሙስ ይደርሳል» እንኳ አለ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ወስፌውን አንስቶ የመጀመሪያውን ደብተር ገለጠ፤ ሽቦውን ሊነቅል። ከመንቀሉ በፊት ሁሉንም ሲያገላብጥ አሥራ አራተኛው ላይ ደረሰ፤ ጽሑፉ በመሀል ገጽ ቆሟል። ከሥሩ በእርሳስ፣ በዚያ ባማረ የመምህርት እጅ ጽሑፍ፣ «የወፍጮ ቤቱ ልጅ እንዴት ሞተ?» ይላል። ቀን ተጽፎበታል። ከሥሩ በሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ። ከሥሩ ያንኑ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ጥያቄ ብቻ፣ መልስ የለም። እንደ ተማሪ ራሳቸውን ሲፈትኑ ነው የከረሙት፤ በየቀኑም ይወድቃሉ።

ወስፌውን አስቀመጠ። ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። ጨርሶ እስኪናገር ድረስ አላቋረጠችውም።

«የራስህን እከክ እሳቸው ላይ ለክከህ ሦስት ወር ተኛህ?» አለችው።

«አልተኛሁም።»

«አልጋ ላይ ነበርክ እኮ፤ አይቼሃለሁ። ተነስ አሁን።»

በማግስቱ ጠዋት ስድስተኛውንና ሰባት የተባለውን ጥራዝ በቦርሳ ይዞ እትዬ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት፤ ነርስ ነች። የቤቱን ቁልፍ ከጋውኗ ኪስ አውጥታ ነው የከፈተችለት፤ ከገባም በኋላ መልሳ ቆለፈችው። እትዬ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ምድጃው ላይ «እንዳትነኪ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ጠራዡ ቆሞ ተናገረ። ቁጭ በል ቢሉት አልተቀመጠም። አውቶቡሱን፣ እንቅልፉን፣ ሽፋኑን፣ ቁጥሩን፣ ሁሉንም ተናገረ። ልጃቸው ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንደሚወዷት አውቃለሁ። ግን እንዲህ ዓይነቱ ማጽናኛ አይጠቅማትም። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘናል፤ እንድትቀበለው ነው የምንፈልገው።»

ሦስት ወር ሙሉ የሸሸውን እውነት አውጥቶ ቢናገር፣ ደግ ውሸት ተባለለት። ይህ ለጠራዡ ከስድብ የባሰ ነበር። ቦርሳውን ከፍቶ ሁለቱን ጥራዞች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። የአንዱን መጨረሻ፣ የሌላውን መጀመሪያ በጣቱ ያዘ።

«ቁጥሩን እዩ» አለ።

ነርሷ ጎንበስ አለች። 370፤ 429። ገጹን ገልጣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። ከኪሷ ቁልፉን አውጥታ በእናቷ ፊት አስቀመጠችው።

«እማዬ» አለች። «አልረሳሽም።»

እትዬ ቁልፉን አዩት፤ አልነኩትም። ወደ ጠራዡ ዞሩ። «ፋርማሲስቱስ? መጠኑን አውቆ ሰጠን ያለውስ?»

«አላነበበውም እትዬ። የለም እኮ።»

«ያለቀሰችውስ?»

«እሷም።»

እትዬ ሳቁ፤ አጭር ሳቅ ናት፣ ቶሎ አለቀች። «እነሱስ ላለማፈር ዋሹ» አሉ። «አንተ ግን ታውቅ ነበር። እኔ ስጽፍ፣ ስጠይቅ፣ እዚያው ተቀምጠህ ታየኝ ነበር። ሻይ ላምጣ አልከኝ።»

«አዎ» አለ ጠራዡ። ይቅር በሉኝ ለማለት መጥቶ ነበር፤ ቃሉ ግን ለዚህ የሚበቃ አልመስል አለው።

«ልጁ እንዴት ነው የሞተው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «አላውቅም እትዬ። ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያነበብኩት። ዝናብ ይዘንባል።»

ልጃቸው እጃቸውን ልትይዝ ስትል ቀስ ብለው ሳቡት።

«ደብተሮቹን ዛሬውኑ እመልሳለሁ» አለ ጠራዡ። «አልነካኋቸውም። ይቀጥላሉ...»

«እዚያው ይቆዩ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ሂድና ያንን መጽሐፍ ፈልገው። ሌላ ከተማም ቢሆን ሂድ። ስታገኘው ግን አትስጠኝ፤ እዚህ ቁጭ ብለህ አንብብልኝ፤ እሷም ትስማ። ብቻዬን ያነበብኩትን ነገር ከእንግዲህ አላምነውም።»

ጠራዡ «እሺ እትዬ» አለ። ለመውጣት ሲዞር በሩ ተቆልፎ ነበርና ሦስቱም ቁልፉን ተመለከቱ። እትዬ አላነሱትም። በመጨረሻ ነርሷ አንስታ ከፈተችለት።